መህራንጋር፦ የጆድፑርን አምባ በእግር መውጣት ለምን ይሻላል?

የሕንዱ ራጃስታን ክፍለ ሀገር ምሽግ የሞላበት ነው። ቺቶርጋር በስፋቱ፣ ኩምባልጋር 36 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው ቅጥሩ፣ አምበር በመስታወት አዳራሹ፣ ጃይሳልመር ደግሞ እስከ ዛሬ ሰው ስለሚኖርበት ይታወቃሉ። ጊዜዎ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን የጆድፑር ከተማን ምሽግ መህራንጋርን ይምረጡ። ዩኔስኮ በ2013 ስድስት የራጃስታን አምባዎችን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ መህራንጋር አልተካተተም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ አያዘናጋዎ። በአያያዙ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ደግሞም ከታች ጦር ሜዳ፣ ከላይ እልፍኝ ሆኖ ራጅፑት የሚባሉት የአካባቢው ተዋጊ ነገሥታት ምን ይፈሩ እንደነበርና ምን ይወዱ እንደነበር በአንድ ሕንጻ ላይ ያሳያል።

ይህን ሁለት ገጽታ ለማየት ግን አወጣጡ ወሳኝ ነው። አሳንሰር አለ፤ ከመግቢያው አካባቢ ተነሥቶ በትንሽ ክፍያ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያደርሳል። ጉልበቱን ለሚያመው፣ ለአዛውንትና ሕፃን ለያዘ ሰው ትልቅ እርዳታ ነው። መራመድ የሚችል ሰው ግን ሲወጣ አይጠቀምበት። የምሽጉ ብልሃት በሙሉ ያለው በአቀበቱ ላይ ነው፤ በአሳንሰር የወጣ ሰው ያማረ ቤተ መንግሥት አይቶ ይመለሳል እንጂ ምሽጉን አላየም።

መሥራቹ የራቶር ጎሣ መሪና ማርዋር የተባለው መንግሥት ገዥ የነበረው ራኦ ጆዳ ነው። በ1459 መናገሻውን ከማንዶር ነቅሎ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ በማምጣት ከሜዳው 120 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ፣ ዙሪያው ገደል በሆነ አለት ላይ መሠረት ጣለ። አለቱ ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ፣ ራዮላይት የሚባል ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ ዕድሜው 750 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናል። ከሥሩ ጉድጓድ ምሶ ባሩድ ለመቅበር ለሚያስብ ጠላት ይህ ድንጋይ ተስፋ አስቆራጭ ነው። ግንበኞቹም ቅጥሩን ያቆሙት በቀጥታ በገደሉ አፋፍ ላይ ስለሆነ ከታች ሲያዩት አለቱ የት አብቅቶ ግንቡ የት እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል። ግድግዳው በአንዳንድ ቦታ ቁመቱ 36 ሜትር፣ ውፍረቱ 21 ሜትር ይደርሳል።

የቦታው ጉድለት ውሃ ነው። አፈ ታሪኩ ይህንን በእርግማን ያስረዳል፦ ቺሪያ ናትጂ የተባለ መናኝ ከኮረብታው ሲፈናቀል አምባው ሁልጊዜ ውሃ እንዲጠማው ረገመ ይባላል። እርግማኑን ለማክሸፍም ራጃ ራም ሜግዋል የተባለ ሰው ከነሕይወቱ መሠረቱ ሥር ተቀበረ፤ ቤተሰቡም መሬት ተሰጠው። ይህ ሰው ከተናቀ ማኅበረሰብ የወጣ ነበር። በግቢው መታሰቢያ ድንጋይ ቆሞለታል፤ ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ ሳያየው ስለሚያልፍ ጠይቀው ይፈልጉት። ለጥሙ ተግባራዊ መልስ የሰጠችው ግን የጆዳ ሚስት ራኒ ጃስማዴ ሃዲ ናት። በኮረብታው ግርጌ ከአለቱ የሚወርደውን የክረምት ጎርፍ የሚያጠራቅመውን ራኒሳር የተባለውን ኩሬ ያስቆፈረችው እሷ ናት፤ ውሃውም በመዘውር እየተቀዳ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። አጠገቡ ያለው ፓዳምሳር ደግሞ የከተማው ሕዝብ ኩሬ ነበር። ሁለቱም ከቅጥሩ ላይ ቁልቁል ሲመለከቱ ይታያሉ። ከበባ የሚቆምበት ምሽግ እህል ብቻ ይዞ አይዘልቅምና፣ የአምባውን አቅም የሚመዝን ሰው ከመድፎቹ በፊት እነዚህን ኩሬዎች ይመልከት።

ወደ በሮቹ እንምጣ። በቁጥር ሰባት ናቸው፤ በየዘመኑ ስለተጨመሩ ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት ከአዲሱ ወደ አሮጌው ታሪክ መሄድ ነው። ትኬት የሚቆረጥበት ጃይ ፖል የመሃራጃ ማን ሲንግ ሥራ ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጃይፑርና የቢካኔር ጦር ከበባውን ትቶ ከተመለሰ በኋላ የተሠራ የድል በር ነው። በዚያው ጦርነት የተተኮሱት የመድፍ አረሮች ቀጥሎ ባለው ዴድ ካንግራ ፖል ግድግዳ ላይ ያሳረፉት ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። ሳይለሰን የተተወው ሆን ተብሎ ነው፤ ደግ አድርገዋል። ጦርነቱን ሲመክት እዚያው የወደቀው ኪራት ሲንግ ሶዳ የተባለ ወታደርም በምሰሶ ላይ የቆመ ጉልላት ያለው መታሰቢያ አለው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሰፋ ብሎ ይወጣል፤ ነገር ግን በፍጹም ቀጥ ብሎ አይሄድም። ምክንያቱ ዝሆን ነው። በዚያን ዘመን በር የሚሰበረው ዝሆን ከሩቅ ተንደርድሮ በግንባሩ ሲገፋው ነበር። ስለዚህ ራጅፑት መሐንዲስ ሦስት ነገር ያደርጋል። መንገዱን አቀበት በማድረግ የእንስሳውን ጉልበት ያደክማል፤ በሩ ፊት ድንገት በማጠፍ መንደርደሪያውን ያሳጣዋል፤ መዝጊያው ላይ ደግሞ በዝሆን ግንባር ልክ የሾሉ ብረቶች ይተክላል። የመጨረሻው በር ሎሃ ፖል ሦስቱንም በአንድ ቦታ ያሳያል። እዚያ ሲደርሱ ጀርባዎን ለበሩ ሰጥተው የመጡበትን መንገድ ይመልከቱ፤ አጥቂው ከሁለት ግድግዳ መሐል ገብቶ፣ ከላይ ቀስትና ድንጋይ እየወረደበት፣ ወደ ኋላ ማፈግፈጊያ አጥቶ እንዴት እንደሚያልቅ ግልጽ ይሆናል። አስጎብኚው በችኮላ ካሳለፈዎ ያስቁሙት።

በዚሁ በር ጎን ላይ ቀይ የተቀቡ ትንንሽ የእጅ ቅርጾች አሉ። የመሃራጃ ማን ሲንግ ሚስቶች በ1843 ከባላቸው አስከሬን ጋር በእሳት ለመቃጠል ሲወጡ ያኖሯቸው ምልክቶች ናቸው። እንግሊዞች ሳቲ የሚባለውን ይህን ልማድ በቤንጋል ግዛታቸው የከለከሉት በ1829 ነበር፤ ጆድፑር ግን በራሱ መሃራጃ ይተዳደር ስለነበር ክልከላው አልደረሰበትም። አንዳንድ አስጎብኚ ይህን የታማኝነት ተረት አድርጎ ያወራዋል። የእጆቹን ማነስ ያየ ሰው እንዲህ ያለውን ወሬ ለመቀበል ይቸግረዋል። አሁንም አበባ የሚያኖር፣ የሚጸልይም አለ፤ ስለዚህ ለፎቶ ብሎ እጅን እዚያ ላይ መለጠፍ ነውር ነው።

በከተማው በኩል ያለው ፋቴህ ፖል ሌላ ታሪክ ይዟል። መሃራጃ ጃስዋንት ሲንግ በ1678 ሲሞት አብዛኛውን ሕንድ ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ ጆድፑርን ያዘ። ከአባቱ ሞት በኋላ የተወለደውን አጂት ሲንግን ዱርጋዳስ ራቶር የተባለ መኰንን አሽሽቶ አሳደገው፤ አጂት ሲንግም አውራንግዜብ በሞተበት በ1707 ምሽጉን አስመልሶ ይህን በር ለድሉ አቆመ። ያው ሰው በ1724 በልጆቹ ሴራ ተገደለ። በበሮቹ ላይ የተጻፈው ድል ብቻ ስለሆነ ይህን ከሌላ ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሎሃ ፖል በላይ የሕንጻው ጠባይ ይለወጣል። ወፍራሙ ግድግዳ ወደ ላይ ሲወጣ እንደ ዳንቴል የተወጋ ቀይ ድንጋይ ይሆናል። ጆድፑር እንጨት አይበቅልባትም ማለት ይቻላል፤ አሸዋ ድንጋይዋ ግን በንብርብር እየተሰነጠቀ ረጅም ጣውላ የመሰለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይወጣዋል፤ ከራዮላይቱ ይልቅም ለመሮ የተመቸ ነው። ስለዚህ በሌላ አገር ከእንጨት የሚሠራው ሁሉ እዚህ ከድንጋይ ተሠርቷል፦ ምሰሶው፣ አግዳሚው፣ የጣሪያው ንጣፍ፣ የመስኮቱ ፍርግርግ። ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጡት ሰገነቶች በአየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። የሚሸከሟቸው ደጋፊ ድንጋዮች ግን ወደ ግድግዳው ጠልቀው የገቡ ናቸው፤ ከላይ ያለው የግንቡ ክብደትም ጭራቸውን ተጭኖ ይይዛቸዋል። ከታች ቀና ብለው እነዚህን ደጋፊዎች ይቁጠሯቸው፤ እስከ ታች ድረስ በደረጃ እየወጡ ጭነቱን ይቀባበላሉ። ከሰገነቶቹ በላይ ያለው ጎበጥ ያለ ክዳን ከቤንጋል፣ ጥርስ ያለው ቅስት ደግሞ ከሙጋል ቤተ መንግሥት የመጣ ነው።

ይህ የሙጋል ጣዕም የገባው በጋብቻና በአገልግሎት ነው። ሞቲ ማሃል የተባለውን አዳራሽ ያሠራው ራጃ ሱር ሲንግ (የገዛው ከ1595 እስከ 1619) እኅቱ ለሙጋሉ ጃሃንጊር ተድራ ነበር፤ ታጅ ማሃልን ያሠራው ሻህ ጃሃንም የእሷ ልጅ ነው። ሞቲ ማሃል ውስጥ የግድግዳውን ልስን ልብ ይበሉ። ከኖራው ጋር የተፈጨ ዛጎል ስለተቀላቀለበት ዕንቁ የመሰለ ልስላሴና ብርሃን አለው። ሞቲ ማለትም ዕንቁ ነው፤ ሆኖም ልስኑ ዓይንዎ ከውጭው ፀሐይ እስኪላመድ ድረስ አይታይዎትም፤ መነጽርዎን አውልቀው ጥቂት ይቁሙ። ከላይ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ንግሥቶቹ ሳይታዩ የችሎቱን ነገር ያዳምጡ ነበር ይባላል።

ፑል ማሃል የአባይ ሲንግ (ከ1724 እስከ 1749) የመዝናኛ ክፍል ሲሆን ከሁሉም በወርቅ የከበረው እሱ ነው። ጎብኚ የሚያየው ከደፍ ላይ ሆኖ ነው።  ታካት ቪላስ ደግሞ አምባው ላይ የኖረው የመጨረሻው መሃራጃ የታካት ሲንግ (ከ1843 እስከ 1873) መኝታ ቤት ነው፤ ከእንጨት አግዳሚዎቹ ላይ የተንጠለጠሉት ባለ ቀለም የመስታወት ኳሶች የእንግሊዝ ዘመን ጣዕም መግባቱን ያሳያሉ። ሺሽ ማሃል፣ ማለትም የመስታወት ክፍሉ፣ የአምበሩን ላየ ሰው አነስተኛ ነው።

ከክፍሎቹ ሁሉ በላይ የምንመክረው የሴቶቹን ግቢ ዜናና ዴኦዲን ነው። አራቱም ግድግዳ እስከ ላይ በፍርግርግ ድንጋይ የተሸፈነ ሲሆን ከፎቅ ፎቅ ንድፉ ይለያያል። ፍርግርጉ የሚሠራው በብርሃን ልዩነት ነው፦ ውስጡ ጨለማ፣ ውጭው ብሩህ ስለሆነ ከውስጥ ያለው ሰው ሁሉን ያያል፣ ከውጭ ያለው ግን ምንም አያይም። በትንንሾቹ ቀዳዳዎች የሚያልፈው ነፋስም ክፍሉን ያቀዘቅዛል። ይህን ለመፈተን ከአንዱ ፍርግርግ ጀርባ ቆመው እጅዎን ወደ ቀዳዳው ያስጠጉ። ሴቶችን ከዓለም የለየው ድንጋይ የዚህ ምሽግ እጅግ የረቀቀው የእጅ ሥራ መሆኑ ያሳስባል፤ መግለጫዎቹም ስለ ድንጋዩ እንጂ ከኋላው ስለኖሩት ሴቶች የሚሉት ጥቂት ነው። ትልቁ ጉድለታቸው ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ቤተ መንግሥቱ ሙዚየም የሆነበት ምክንያትም መታወቅ አለበት። የሕንድ መንግሥት በ1971 ለቀድሞ ነገሥታት ይከፍል የነበረውን ድጎማ ሲያቋርጥ ብዙ ምሽጎች ጠባቂ አጡ። በ1952 ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ዙፋን የወረሰው ጋጅ ሲንግ ግን በ1972 የመህራንጋር ሙዚየም ትረስትን አቋቁሞ አምባውን አስረከበው። ዛሬ ጥገናውን የሚሸፍነው የትኬት ገቢ ነው፤ ልዩነቱም ይታያል። ጃይሳልመር ነዋሪዎች በሚያፈሱት ውሃ መሠረቱ ሲረጥብ፣ በሌሎች ምሽጎች ኖራ በሲሚንቶ ተተክቶ ድንጋዩ ሲላጥ (ሲሚንቶ እርጥበትና ጨው ስለማያስወጣ የአሸዋ ድንጋይ ፊት ይፈረፈራል)፣ እዚህ ኖራ በኖራ ይጠገናል።

ከዕቃዎቹ መሐል ሁለቱን አይለፉ። አንደኛው ሻህ ጃሃን በ1657 ለጃስዋንት ሲንግ የሰጠው የብር ሃውዳ፣ ማለትም የዝሆን ኮርቻ ነው። ፊተኛው ሰፊ መቀመጫ የንጉሡ፣ የኋለኛው ጠባብ ደግሞ ዝንብ የሚከላከል አሽከር መስሎ የሚቀመጥ ጠባቂ ነው። ሁለተኛው በ1730 አባይ ሲንግ ጉጃራት ላይ ድል ነሥቶ ያመጣው፣ በወርቅና በመስታወት የተሠራ፣ ማሃዶል የተባለ በሰው ትከሻ የሚሸከሙት የንጉሥ መቀመጫ ነው። የማርዋር ሥዕሎች ክፍልም ጊዜ ይፈልጋል፤ የጦር መሣሪያውን ግን ልዩ ፍቅር ከሌለዎ በፍጥነት ቢያልፉት አይጎዳዎትም።

ችግሮቹን እንናገር። የጉብኝቱ መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ያለፉትን ክፍል ለማየት መመለስ ያስቸግራል። ደረጃዎቹ ጠባብና ከፍታቸው የተለያየ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ የአውቶቡስ ቡድኖች ሲደራረቡ ፑል ማሃል ደጃፍ ላይ መቆም አይቻልም። በሩ የሚከፈተው በጠዋቱ ሦስት ሰዓት (በሕንድ አቆጣጠር 9፡00) ነው፤ በዚያን ሰዓት ከገቡና ሰው ሳይበዛ ቀድመው ክፍሎቹን ከጨረሱ፣ ሲወርዱ ደግሞ በሮቹን ዳግም ማየት ይችላሉ። ሲወጡ ግን ሎሃ ፖልን ያለ ችኮላ ይለፉ። የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ከላይ አያለሁ ያለ ሰው አይሳካለትም። ለውጭ አገር ዜጋ ዋጋው ለዓመታት በ600 ሩፒ አካባቢ ሆኖ ቆይቷል፤ ይለዋወጣልና አስቀድመው ያረጋግጡ። የድምፅ መመሪያው ጥሩ ነው፣ በአማርኛ ግን የለም፤ በመያዣ መታወቂያ ሊጠየቅ ስለሚችል ይያዙ። የድንጋይ ንጣፉ ሰው ብዛት ያለሰለሰው ስለሆነ ክፍት ጫማና ለስላሳ ሶል ያንሸራትታል። ለሁሉም ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይመድቡ። ወቅቱን በተመለከተ ከኅዳር እስከ የካቲት ምርጥ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ አቀበቱ ለጤና ያሰጋል።

ከአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዴልሂና ሙምባይ ይበራል፤ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ወይም ከዴልሂ በሌሊት ባቡር ጆድፑር መድረስ ይቻላል። ከሰዓት ማማው ገበያ ባጃጅ በዙሪያ መንገድ ያወጣል፤ ከመሣፈርዎ በፊት ዋጋ ይቁረጡ። በአሮጌው ከተማ መሐል የሚወጣው የእግር መንገድ አጭር ነው፣ ግን ዳገት ነው።

በደቡብ ጫፍ ያለው የቻሙንዳ መቅደስ የገዥው ቤተሰብ ጠባቂ አምላክ ቤት ነው፤ ምስሏን ጆዳ ራሱ ከማንዶር እንዳመጣት ይነገራል። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2008 ናቫራትሪ በተባለው የሂንዱ በዓል ወደዚህ በሚወስደው ጠባብ መንገድ በተፈጠረ ግፊያ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በበዓሉ ቀናት ማለዳ ወደዚያ አይሂዱ። መድፎቹ የተደረደሩበት የግንብ አናት ከመቅደሱ ጋር የተያያዘ ሲሆን አንዳንዴ ለጎብኚ ይዘጋል፤ ክፍት ካገኙት ሰማያዊ የተቀቡትን የብራህምፑሪ ሰፈር ቤቶች ከላይ ያዩበታል። መከታው ዝቅ ያለ ስለሆነ ፎቶ ሲያነሡ ወደ ኋላ አይራመዱ።

ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ የተለየ ጥቅም ያለው ግን በአምባው ግርጌ ያለው የራኦ ጆዳ የበረሃ አለት ፓርክ ነው። 70 ሄክታር ገደማ ሲሆን በ2011 ለሕዝብ ተከፈተ። ከዚያ በፊት አለቱን የሸፈነው አፋርን ያስቸገረው ያው ፕሮሶፒስ የተባለ መጤ እሾሃማ ዛፍ ነበር። በ1930ዎቹ መሃራጃ ኡማይድ ሲንግ በረሃውን ለማልማት ብሎ ዘሩን ከአውሮፕላን አስበተነ ይባላል። እንደ አፋርም ሁሉ አገር በቀሉን ዕፅ አጥፍቶ ነገሠ። ከ2006 ጀምሮ ሥራውን የያዙት ሰዎች መጀመሪያ የተማሩት ግንዱን መቁረጥ ዋጋ እንደሌለው ነው፤ ከመሬት በታች ያለው የሥሩ አንገት ካልወጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሥሩ አለት ስንጥቅ ውስጥ የገባ ስለነበር ድንጋይ በመፈልፈል የኖሩትን የካንድዋሊያ ሠራተኞች ቀጠሩ። እነሱ በመዶሻና በመሮ እየጠረቡ ሥሩን አወጡ፤ በተገኘውም ጉድጓድ የአካባቢው ተክል ተተከለ፤ ከእነዚህም መካከል በእኛም ቆላ የሚበቅለው የሙጫ ግራር አለ። ስለ ፕሮሶፒስ የሚሠራ ባለሙያ ጆድፑር ከደረሰ ከቤተ መንግሥቱ በፊት እዚህ ይሂድ። መግቢያው ሲንጎሪያ ፖል በተባለው የከተማ በር በኩል ነው፤ መንገዶቹ በቀለም ምልክት ተለይተዋል፤ ዕፀዋቱን በደንብ የሚያስረዱ አስጎብኚዎችም አሉ። አለቱ በፀሐይ ስለሚግል በማለዳ ጀምረው ውሃ ይያዙ።